በመስታወቱ ዳር የቀረው ተልባ

እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ነው ስልኩ የጮኸው። የአጎቴ ልጅ ብርሃኑ ነበር፣ ከቡራዩ። ብርሃኑ ሲደውልልኝ ከሰላምታው አስቀድሞ ማንም እንዳልሞተ ይነግረኛል፤ እንደ እኔ ባሕር ማዶ የሚኖር ሰው ስልክ ሲጮህ ልቡ የሚያርፈው ይህን ሲሰማ ነው። ያን ቀንም "ሁላችንም ደህና ነን፣ እታለም" ካለኝ በኋላ፣ በስሜ ሳይሆን እንዲህ ነው የሚጠራኝ፣ አንድ የምጠይቅሽ ነገር አለ አለኝ።

ብርሃኑ እንደ አባቱ ባትላሜራ ነው፤ የተጋጨ መኪና ያቃናል፣ ቀለም ይቀባል። አንድ ወጣት ከየት እንዳገኛት እንጃ፣ አሮጌ ጥቁር ኦፔል ገዝቶ እንደ ጥንቷ አድርግልኝ ብሎ አምጥቶለታል። ብርሃኑ ቀለሟን ከመንካቱ በፊት የፊት መስታወቷን ዙሪያውን የከበበውን የሚያብረቀርቅ የብረት ጌጥ፣ ክሮሙን፣ አወጣ። ከክሮሙ ሥር፣ ከላይ መካከሉ ላይ፣ ብረቱ ላይ በምስማር የተጫረች ትንሽ መስቀል አገኘ። አጎቴ መኪና ከመቀባታቸው በፊት ሰው በማያየው ቦታ እንዲህ ያለች መስቀል ይጭሩ ነበር።

"የአባቴ እጅ መሆኑን ሳውቅ ቁጭ አልኩ" አለኝ። "ግን ሌላም ነገር አለ። ክሮሙ የሚሰካበት የጎማው ቦይ ውስጥ እንደ ደረቀ ቅርፊት ያለ ነገር ተጋግሮበታል። ፍሬ ፍሬ አለበት። ውሃ አስነክቼ በጣቴ ሳሸው ተሙለጨለጨ። ተልባ ነው፣ እታለም። አባቴ ደግሞ ተልባ አይወድም ነበር፤ ቤታችን ገብቶ አያውቅም። ማን ይሆን እዚህ የከተተው?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

ሳቀ። የቀለድኩ መስሎት ነው። መልሼ እደውልልሃለሁ ብዬ ዘጋሁና ከነካፖርቴ ወጥ ቤት ተቀመጥኩ። እዚህ ጎተንበርግ ተልባን ዳቦ ላይ ይነሰንሱታል፤ በዘይቱ ደግሞ የመስኮት ቀለም ይለውሱበታል። ይህን ሁሉ ዓመት ሁለቱንም ሳሸት ኖሬ አንድም ቀን ምንም አላሰብኩም። ያን ቀን ግን ከመደርደሪያው ላይ የነበረውን ከረጢት ፈትቼ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የተቆላ ተልባና ቲነር፣ የረጠበ አቧራና ሳሙና አንድ ላይ መጡብኝ። ሰበታ፣ አጎቴ ግቢ፣ የሁዳዴ ጾም ነው።

ያን ዓመት ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ወደ ጎሬ ሲዛወር እናቴም ተከትላው ሄደች፤ እኔ ትምህርቴ እንዳይቋረጥ ሰበታ ከአጎቴ ከጋሼ ተሰማና ከባለቤታቸው ከእትዬ የሺ ዘንድ ቀረሁ። ብርሃኑ ገና አልተወለደም። በቤቱ ያለሁት ልጅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጋራዡ ከጅማ መንገድ ዳር ነበር። ጋራዥ እንበለው እንጂ በባሕር ዛፍ ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ቆርቆሮ ነው፤ ከኋላው እኛ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች አሉ። ወደ ዓለም ገናና ወደ ተፍኪ የሚመላለሰው አውቶቡስ ሁሉ አቧራውን እኛ ላይ አራግፎ ያልፋል። ስለዚህ ቀለም በሚረጭበት ቀን የእኔ ሥራ መንገዱን ዳር ዳሩን በጣሳ ውሃ ማርከፍከፍ ነበር። አንድ ቅንጣት አቧራ እርጥብ ቀለም ላይ ካረፈ ጋሼ ጥፋቱን የሚያዩት በእኔ ጣሳ ነው። ይህ ኩራት ነበር ለእኔ እንጂ ሸክም አልነበረም።

መሬቱ የፊታውራሪ ነበር። ከጋራዡ እስከ ገበያው ያለው ሁሉ የሳቸው ነው፤ ሱቆቹም የቆሙት በሳቸው መሬት ላይ ነው። ስማቸውን አልጽፍም። ያኔም ቢሆን ሁሉም ሰው ፊታውራሪ ብቻ ነበር የሚላቸው።

ሁዳዴ እንደ ገባ ፊታውራሪ ጥቁሯን ኦፔል ይዘው መጡ። ልጃቸውን ለዳግማይ ትንሣኤ ሊድሩ ነው፤ ሙሽራይቱ የምትሄደው በዚያች መኪና ነው፤ ቀለሟ ግን በፀሐይ ነጥቶ፣ ዳር ዳሩ ዝጎ ነበር። ጋሼ መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞሯት። ከዚያ የፊት መስታወቷ አጠገብ ቆመው ክሮሙን ማውጣት አለብኝ አሉ።

የፊታውራሪ ሾፌር ሳቀባቸው። ሌላው ቀቢ ክሮሙን በጋዜጣ ሸፍኖ ዙሪያውን ይቀባል፤ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ ሥሩን ማን ያየዋል አለ። ጋሼ ግን ዝገቱ የሚጀምረው ከዚያው ከሥሩ መሆኑን፣ ሸፍነው የቀቡት እንደሆነ አንድ ክረምት ሳይከርም ቀለሙ ከዳሩ እየተላጠ እንደሚወርድ በረጋ ድምፅ አስረዱ። አዲስ አበባ አንድ ጣሊያን ጋራዥ ውስጥ ሙያውን ሲማሩ መጀመሪያ የተማሩት ይህን ነው።

ፊታውራሪ ከዘራቸውን ወደ መስታወቱ ዘረጉ። "ይህ መስታወት ከባሕር ማዶ ካልመጣ አይገኝም። ሠርጉ እስኪደርስ ደግሞ አይመጣም። አውጣ ካልክ አውጣ። ከተሰነጠቀ ግን ቆርቆሮህን አፍርሰህ ከመሬቴ ትነሣለህ።"

ጋሼ እሺ ብለው እጅ ነሡ። እኔ ከዚያች ቀን ጀምሮ መስታወቱን ፊት ለፊት ማየት ተውኩ። ዓይን እንዳላስገባበት ፈርቼ በጎን ነበር የማየው፤ በአጠገቡ ሳልፍም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ክሮሙ እንዴት እንደሚቀመጥ ላስረዳ። መስታወቱን ዙሪያውን የያዘው ወፍራም ጥቁር ጎማ ነው፤ ጎማው ላይ እንደ ቦይ ያለ ስንጥቅ አለ፣ ክሮሙ እዚያ ውስጥ ተሰክቶ ይቀመጣል። ሁለት ቁራጭ ነው፣ የቀኝና የግራ፤ ከላይና ከታች መካከሉ ላይ ሲገናኙ መገጣጠሚያውን ጣት የምታህል መሸፈኛ ትይዘዋለች። እኔ ንጹሕ ብር ይመስለኝ ነበር፤ ፊታውራሪ የሰጉለትም ለዚህ ነው ብዬ አምን ነበር። ጎማው ከፀሐይ ብዛት ደርቆ እንደ ድንጋይ ሆኗል። በካቻቢቴ ቢፈለቅቁት ክሮሙ ይታጠፋል፤ ካቻቢቴው አንድ ጊዜ መስታወቱን ከተደገፈ ደግሞ አለቀ።

ከጋሼ ጋር የሚሠሩት ኦቦ ገመቹ ነበሩ። በየጠዋቱ ከወጨጫ ግርጌ በእግራቸው ይመጣሉ፤ ፈርጣማ እጅና ቀስ ያለ ንግግር ነበራቸው። እሳቸው ከበሬ ቀንድ ስስ ማንሻ ቀርጸው አመጡ፤ ቀንድ መስታወት አይጭርም። ጋሼ ያንን ማንሻ ከጎማው ከንፈር ሥር ሲያስገቡ ኦቦ ገመቹ ጎንበስ ብለው "ሱታ፣ ሱታ" ይላሉ። ቀስ ማለታቸው ነው፤ ለጋሼ ይሁን ለጎማው አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን አንድ ስንዝር ወጣ። በሁለተኛው ቀን ያችው የወጣችው ስንዝር ልትታጠፍ ሆነችና መልሰው አስገቧት። የሳሙና ውሃ ሞከሩ፤ ፀሐዩ ወዲያው ያደርቀዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሼ ጎማውን ሞራ ቀብተው ያለሰልሱት ነበር፤ በሁዳዴ ግን ሞራ በእጃቸው አይነኩም።

"ተሰማ፣ መኪናዋ እኮ አትጾምም" አሉ ኦቦ ገመቹ።

"እጄ ይጾማል።"

ኦቦ ገመቹ ራሳቸውም ጾመኛ ናቸው፤ ሳቁና ሌላ የሳሙና ውሃ በጠበጡ።

ጋሼ አልተናደዱም፣ አልቸኮሉም። ሾፌሩ በየቀኑ እየመጣ ዛሬስ ስንት ጣት ወጣ እያለ ሲያላግጥባቸው እንኳ ቀና አይሉም። ለራሳቸው "ትወጣለች" ብቻ ይላሉ። ዛሬ አንድን ነገር እስክጨርስ ድረስ አልቀመጥም የምለው ከሳቸው የወረስኩት ይመስለኛል።

የእኔ ሌላው ሥራ ተልባ ማድረስ ነበር። እትዬ የሺ ቆልተው ወቅጠው ያስቀምጣሉ፤ እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ በውሃ በጥብጬ፣ አጥልዬ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ በማሰሮ ይዤ ጋራዥ እወርዳለሁ። ጋሼ ጾማቸውን የሚፈቱት በተልባ ነበር። አንድ ጣሳ ሳይተነፍሱ ጠጥተው እፎይ ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ምግብ የሚቀምሱት።

እኔን እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃሻል ብለውኝ ነበር። እኔ ግን እንደ ትልቅ ሰው እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ ብዬ ነበር፤ ለክፍል ጓደኛዬ ለዘሃራም ነግሬያታለሁ። ዘሃራ የነጋዴው የጋሽ ኑረዲን ልጅ ናት። በአንድ ወንበር ነው የምንቀመጠው። በሁዳዴ እረፍት ላይ ዳቦዋን እኔ ፊት አትበላም፣ ዘወር ብላ ትበላለች፤ የሷ ጾም ሲመጣ እኔም እንዲሁ አደርጋለሁ። ተነጋግረን የተስማማንበት አይደለም።

በሦስተኛው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ ተልባውን ሳጠልል ጣቴን ላስኩ። ከዚያ አንድ ማንኪያ። ከዚያ ዙሪያዬን አይቼ አንድ ሙሉ ጣሳ ጠጣሁ። አፌን በቀሚሴ ጠርጌ፣ የጎደለውን በውሃ ሞልቼ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ማሰሮውን ይዤ ወረድኩ።

ኦቦ ገመቹ ጣሳውን ሊቀበሉኝ ሲሉ ከእጃቸው አመለጠና ተልባው መሬት ላይ ፈሰሰ። ለማንሣት ሲሞክሩ ጣሳው ደግሞ አመለጣቸው። ጣቶቻቸውን እያፋተጉ፣ ይህ ነገር ዓሣ ነው እንጂ መጠጥ አይደለም አሉ።

"ጎማው ላይ ብናፈስሰውስ?" ያልኩት እኔ ነኝ።

ጋሼ ቀና ብለው አዩኝ። መጀመሪያ የሚቆጡኝ መሰለኝ። ከዚያ ማሰሮውን ከእጄ ወሰዱና ተልባውን በጨርቅ ጫፍ እየነከሩ የጎማውን ከንፈር ዙሪያውን አጠጡት። ትንሽ ጠበቁ። ማንሻውን አስገቡ። ክሮሙ ምንም እንዳልያዘው ሁሉ ሸርተት አለ፤ ስንዝር፣ ክንድ፣ ጥጉ ድረስ። ጥጉ ላይ ኦቦ ገመቹ ትንፋሻቸውን ያዙ፣ እኔም ያዝኩ። ጋሼ በአውራ ጣታቸው ጎማውን ወደ ውስጥ፣ ክሮሙን ወደ ላይ እያሉ ጥጉን አሳለፉት። የቀኙ ወጣ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ ጾማቸውን ሳይፈቱ የግራውንም አወጡ።

መስታወቱ አልተሰነጠቀም። መኪናዋ ቅንድቡን የተላጨ ሰው መስላ ቆመች። ጋሼ ሁለቱን ቁራጮች በነጠላ ጠቅልለው ከጣሪያው ሥር ሰቀሉ፤ ወደ እኔ ዞረው "አንቺ ነሽ ያወጣሽው" አሉኝ። በዚያ ሳምንት ይህን ለሰማም ላልሰማም ተናገርኩ፣ ለዘሃራማ ሁለት ጊዜ።

ከጎማው ወደ ብረቱ የፈሰሰውን ተልባ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት። ሲደርቅ አይታይም፤ ንጹሕ ብረት ነው የሚመስለው። በምስማር መስቀሏን ጫሩ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጸዱ፣ ስቱኮ ሞሉ፣ የሥሩን ግራጫ ቀለም ቀቡ። ጥቁሩን ቀለም እንደ ሁልጊዜው ከጋሽ ኑረዲን ሱቅ ገዙ። ጋሽ ኑረዲን ከመርካቶ የሚያስመጡት ቀለም ቆርቆሮው እንደ ታሸገ ነበር የሚሸጠው፤ ክዳኑን የሚከፍተው ገዢው ነው።

በሚረጭበት ቀን ከጠዋት ጀምሬ መንገዱን ውሃ አጠጣሁ። ቀለሙ በኮፈኑና በበሮቹ ላይ እንደ ውሃ ተኛ። በመስታወቱ ዙሪያ ግን ሸሸ። ትንንሽ ክብ ክብ ዓይን አወጣ፤ በእያንዳንዱ ዓይን ውስጥ ግራጫው ይታያል። ጋሼ ደግመው ረጩበት፤ ዓይኖቹ ሰፉ። መርጫውን አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ያን ፊታቸውን ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም።

እኔ ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁ። ተልባውን ያለ ሰዓቱ ጠጥቼ፣ ከጠጣሁበት ጣሳ የተረፈውን መኪናዋ ላይ አስፈሰስኩ። ቀለሙ የሚሸሸው ከእኔ ኃጢአት ነው። ደግሞስ ከኮፈኑ ያልሸሸ፣ እኔ ካስነካሁበት ቦታ ብቻ እንዴት ይሸሻል?

ፊታውራሪ የመጡት በማግስቱ ነው፣ የገበያ ቀን። ሰው ከገበያው እየተመለሰ ጋራዡ በር ላይ ተሰብስቧል። ፊታውራሪ በከዘራቸው ጫፍ ዓይኖቹን አንድ በአንድ እያሳዩ ይህ ምንድን ነው አሉ። ጋሼ ወደ ቆርቆሮው ጣሪያ ቀና አሉ። በኋላ ሳስበው የሚያዩት ቤታቸውን ነበር።

"ቀለሙ ነው" አሉ። "ኑረዲን የሸጠልኝ ቀለም። ላምባ ገብቶበታል።"

ጋሼ ሲዋሹ ሰምቼ አላውቅም፤ ያኔም ውሸት አልመሰለኝም። ሙያቸውን ያውቁታል፣ እጃቸውን ያምኑታል፤ የቀረው ቀለሙ ብቻ ነበር። ቃሉ ግን ከበሩ ወጥቶ ገበያው እስኪደርስ ጊዜ አልፈጀበትም።

ጋሽ ኑረዲን ራሳቸው መጡ፣ ሚዛን ሲይዙ የሚለብሱትን ሽርጥ እንኳ ሳያወልቁ። ከፊታውራሪ ፊት ቆመው ሰላምታ ሰጡ፤ ከዚያ ጣታቸውን ከቀለሙ ቆርቆሮ ነክረው አሸተቱ።

"ወንድሜ ተሰማ" አሉ፣ "ቀለሙ ላምባ ቢኖርበት ኮፈኑን እንዴት ያዘው?"

ጋሽ ኑረዲን ከቆርቆሮው የተረፈውን ቀለም ይዤው ልሂድ ብለው ጠየቁ፤ ያዘው ተባሉ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ስሄድ የሱቃቸው በር ጥቁር ሆኗል። እዚያ ሰፈር በር ሁሉ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ነው፤ የሳቸው ብቻ ከላይ እስከ ታች ጥቁር፣ እንደ መስታወት የሚያበራ። ከዚያው ቆርቆሮ ነው የቀቡት፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው። ሰው ግን አያይም። ሌላ ጊዜ ገብቶ የሚገዛው ሁሉ በማዶ በኩል ያልፋል፤ ፊታውራሪ ከዚያ ሱቅ እንዳትገዙ ብለዋል።

ዘሃራ በሩ አጠገብ ቆማ ነበር። "ንኪው" አለችኝ።

ነካሁት። ደርቋል፤ ጣቴ ላይ ምንም አልቀረም። አንድም ዓይን የለበትም። ዘሃራ ፊቴን ታያለች፣ የምናገረውን ትጠብቃለች። የማውቀውን ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን ለመናገር ጾሜን መፍታቴን መናገር አለብኝ። እሷ ጾሟን ያለ ሰዓቱ ፈታ አታውቅም። አፈርኩ። ትምህርት ረፈደብን አልኳት።

ያን ሳምንት ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው፤ ተልባ መጠጣቴን እንጂ መኪናዋን አላነሣሁም። ልጄ ጾም በውድድር አይደለም ብለው አርባ ስግደት ሰጡኝ። ሰገድኩ። ጉልበቴ እስኪላጥ ሰገድኩ፤ ያለቀ መሰለኝ።

የኑረዲን ቤተሰብ ግን ከሆሳዕና በፊት ከፊታውራሪ መሬት ተነሣ። ዕቃቸውን በሁለት ጋሪ ጭነው ወደ ተፍኪ መንገድ ሲወጡ በጋራዡ በኩል ነበር ማለፊያቸው። እኔ መንገዱን ውሃ ስረጭ ነበር፤ በዚያ ቀን ሁለተኛው ቀለም ይረጫል። ዘሃራ ሁለተኛው ጋሪ ላይ የምጣድ አክንባሎ ታቅፋ ተቀምጣለች። አቧራ እንዳይነሣባቸው በጋሪዎቹ ፊት ያለውን መንገድ በደንብ አጠጣሁት። ከዚህ ሌላ ምንም አላደረግኩም። እሷም አላየችኝም፤ ወይም አየችኝ።

ሁለተኛውን ቀለም ጋሼ ከአዲስ አበባ አስመጡ። ከመርጨታቸው በፊት የመስታወቱን ዙሪያ እስከ ብረቱ ፍቀው በቤንዚን አጠቡት። ቀለሙ ያዘ። ያየው ሰው ሁሉ ይኸው፣ የኑረዲን ቀለም ነበር አለ። በሰሙነ ሕማማት ማክሰኞ ክሮሙን መልሰው ሲሰኩ ተልባ አምጪ አሉኝ። እትዬ የሺ ቤት አልነበሩምና እኔው ቸኩዬ ወቅጬ፣ ግማሹ ፍሬ ሳይደቅ፣ ሳላጠልል አመጣሁ። ጣቴን እንኳ አልላስኩም። ክሮሙ ገባ፣ ቀለሙም ምንም አልሆነም፤ እኔም መጀመሪያ ቀመስኩ ተበላሸ፣ አሁን አልቀመስኩም ተሳካ ብዬ ደመደምኩ። ቀለሙ ያኔ ደርቆ እንደ ነበረ አላሰብኩም። ብርሃኑ ያገኘው ፍሬ የዚያ ማክሰኞ ነው።

በስቅለት ዕለት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ጋሼ እጄን ይዘው ነበር። በተዘጋው ሱቅ በር አጠገብ ስንደርስ ቆሙ። በአውራ ጣታቸው ጥፍር የቀለሙን ዳር ዳር ጫር ጫር አደረጉ። አልተላጠም። መዳፋቸውን ዘርግተው ከላይ ወደ ታች ዳበሱት፤ ስቱኮ ለስልሶ እንደሆነ ሲፈትሹ እንደሚያደርጉት። ከዚያ ያንኑ እጃቸውን ገልብጠው ጣቶቻቸውን አፋተጉ፣ ኦቦ ገመቹ ጣሳው ያመለጣቸው ቀን እንዳፋተጉት። ድንገት ወደ እኔ ዞረው አዩኝ።

"ምነው ጋሼ?" አልኳቸው።

"ነይ እንሂድ።"

ማታ ጾም ሲፈታ እትዬ የሺ እንደ ልማዳቸው ተልባውን ቀድተው አቀረቡላቸው። ጋሼ ጣሳውን አንሥተው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። "ይህን ከፊቴ አንሡልኝ" አሉ። እትዬ የሺ ጾሙ አድክሟቸው ነው ብለው አነሡት። ከዚያ በኋላ ጋሼ ተልባ ሲጠጡ አላየሁም። ሠርጉ ሆነ፤ መኪናዋ አበባ ተሸክማ በጋራዡ ፊት ስታልፍ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ ጋሼ ውስጥ ሆነው መዶሻ ይመቱ ነበር። በክረምቱ አባቴ መጥቶ ወሰደኝ።

ለብርሃኑ መልሼ ደውዬ ይህን ሁሉ ነገርኩት። ጥሩ አዳማጭ ነው፤ እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ከዚያ እንደ ባለሙያ አስረዳኝ፤ ተልባ ዘይት አለው፣ በውሃ ቢጠርጉት ዘይቱ አይለቅም፣ ዘይት ካለበት ቀለም ይሸሻል። እንዲያውም አባቱ ሙያውን ሲያስተምሩት ከመቀባትህ በፊት ሦስት ጊዜ በቤንዚን እጠብ፣ መኪና አጠገብ የሚበላና የሚጠጣ አታስደርስ ይሉት ነበር። ለምን እንደሆነ አልነገሩትም።

"አባቴ ያውቅ ነበር ማለት ነዋ" አለኝ።

"ከስቅለት ጀምሮ ያወቁ ይመስለኛል።"

ጋሼን ልከስስ አይደለም ይህን የምጽፈው። አሳድገውኛል፤ የፈሩት ለእኛው ጣሪያ ነው፤ ጥፋቱን ካወቁ በኋላ ደግሞ እውነቱን ቢናገሩ ተልባውን ያመጣችው ማን እንደሆነች መናገር ነበረባቸው። ነፍሳቸውን ይማር። ነገር ግን በእኛ ግቢ የተነገረ ቃል አንድ ቤተሰብ ከመሬቱ አስነሥቷል፤ ያ ቃል እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ብርሃኑ ራሱ ኑረዲን የሚባል ቀለም የሚያበላሽ ነጋዴ ነበር ሲባል እየሰማ ነው ያደገው። እኔ ኃጢአቴ በአርባ ስግደት ተሰርዟል ብዬ ስኖር ዋናውን ሳልናዘዝ ነው የኖርኩት። አሁን ተናዝዣለሁ፤ ንስሐ አባቴ ግን ለሳቸው መንገሬ ብቻ እንደማይበቃ፣ ሰው ፊት የጠፋ ስም ሰው ፊት መመለስ እንዳለበት ነገሩኝ። ስለዚህ እመልሳለሁ።

ያን የገበያ ቀን ጋራዡ በር ላይ ቆማችሁ የነበራችሁ የሰበታ ልጆች፣ ይህን የማነሣው ለእናንተ ነው። አንዳንዶቻችሁ ልጅ ነበራችሁ፤ ዛሬ እንደ እኔ ሸብታችኋል። የኑረዲን ቀለም ላምባ አለበት የሚለውን ከእኛ ደጅ ሰምታችሁ ወደየቤታችሁ ይዛችሁት ገብታችኋል። ለማን እንደ ነገራችሁት እባካችሁ አስታውሱ። ያ ሰው በሕይወት ካለ ሄዳችሁ ቀለሙ ደህና እንደነበር፣ ያበላሸው ከተሰማ ቤት የወጣ ተልባ እንደሆነ ንገሩት። ጥቁሩን በር የምታስታውሱ ካላችሁም ያያችሁትን መስክሩ።

ከእናንተ መካከል ዘሃራ ኑረዲን ወዴት እንደደረሰች የሚያውቅ ካለ ደግሞ ይህን አድርሱልኝ። በሩን ነክቼው ነበር፤ ደርቆ ነበር፣ አንድም ዓይን አልነበረበትም። ጠይቃኝ መልስ ያልሰጠኋት እኔ ነኝ፣ እታገኘሁ፣ በወንበሯ ላይ በግራዋ የምቀመጠው።